ሞራል፣ ሥነ ምግባር እና ሕግ፦ የቱ የቱ ነው?

«ሞራል» እና «ሥነ ምግባር» የሚሉትን ቃላት ብዙዎቻችን እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን። ትልቅ ጥፋት አይደለም፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሲሴሮ «ሞራል» የመጣበትን «ሞራሊስ» የሚለውን የላቲን ቃል የፈጠረው «ኤቲክስ» (ሥነ ምግባር) የመጣበትን «ኤቲኮስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ለመተርጎም ነበር። መለየት የሚፈልጉ ፈላስፎች ግን ሞራል የሚሉት ሰዎች ስለ ትክክልና ስለ ስሕተት ያላቸውንና የሚኖሩበትን እምነት ነው። ሥነ ምግባር ደግሞ ያንን እምነት በምክንያት የሚመረምር ጥናት ነው። ሐኪሞችና ጠበቆች የሚተዳደሩበት የሙያ ደንብም በዚሁ ስም ይጠራል።

ይበልጥ የሚያደናግረው ሞራል ከሕግ ጋር ያለው ድንበር ነው። ለጓደኛ የገቡትን ቃል ማጠፍ ነውር ነው፤ ፖሊስ ግን አይጠራበትም። በተቃራኒው፣ መኪና በቀኝ ይነዳ ወይስ በግራ የሚለው በራሱ የሞራል ጥያቄ አይደለም። ሁሉም በአንዱ ከተስማማ በኋላ ግን ደንቡን መጣስ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላልና የሞራል ጉዳይ ይሆናል። (ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘላታል።)

ደግሞ «ሕጋዊ ነው» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ብሪታንያ በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውን እንደ ዕቃ መያዝ ሕጋዊ ነበር። ሕጉ እንዲለወጥ ከገፉት ኃይሎች መካከል የባሪያዎቹ አመፅና «ይህ ግፍ ነው» የሚለው የሞራል ተቃውሞ ይገኙበታል።

ሞራል ለኅብረተሰብ ያለው ጥቅም የሚታየው ደግሞ ሕግ በማይደርስበት ቦታ ነው፤ ማንም ሳያየው የወደቀ ቦርሳ ለባለቤቱ የሚመልስን ሰው የሚያዘው ዳኛ አይደለም።