ኪክ ምንድን ነው? የጉድጓድ ቆፋሪ እንቅልፍ ሚነሳው ነገር

እሁድ እለት አዳማ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ አጎቴ «አንተ ልጅ፣ እዛ በረሃ ላይ ቀን ከሌት አፍጣችሁ ምትጠብቁት ምንድነው?» አለኝ። ኪክ ነዋ ጋሼ አልኩት። «ኪክ? ፔናሊቲ ነው እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። እኔ ሪግ (ጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን) ላይ ስራዬ ጭቃ መመዘን ነው፣ አዎ ጭቃ፣ እሱንም ስነግረው «ለዚህ ነው ዩኒቨርስቲ ድረስ ያስተማርንህ» ብሎኛል። በዛው መሀል ጀበናው ገነፈለና እናቴ ብድግ አርጋ ከከሰሉ አነሳችው፣ እኔም ጋሼ ይሄን አየኸው፣ የኛ ስራ ይሄ አንገቱ ላይ ሳይደርስ ሆዱ ውስጥ እያለ ማወቅ ነው አልኩት። ከዛ ማስረዳት ጀመርኩ፣ እዚም ልድገመው።

ነዳጅ ወይ ጋዝ ፍለጋ ሲቆፈር ጉድጓዱ ባዶ አይደለም፣ ሁሌም በጭቃ የተሞላ ነው። ጭቃ ሲባል የክረምቱ ጭቃ አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ይገባበታል፣ ማክበድ ሲፈለግ ደሞ ባራይት የሚባል ከባድ ዱቄት ይጨመርበታል። ፓምፑ በፓይፑ ውስጥ ወደታች ይነዳዋል፣ ጫፉ ላይ ባለው ቢት (ድንጋዩን ሚፈጨው ጥርስ) ቀዳዳ ይወጣል፣ ከዛ በፓይፑና በጉድጓዱ ግድግዳ መሀል ባለው ክፍተት የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ ወደላይ ይመለሳል። ሰው ይሄን ያውቃል፣ ማያውቀው ግን የጭቃው ትልቁ ስራ ክብደቱ መሆኑን ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ወደ 1 ባር ይጫናል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ በሊትር 1.2 ኪሎ ሚመዝን ጭቃ 3000 ሜትር ከሆነ ታች ላይ ወደ 353 ባር ይሆናል፣ ጉድጓዱ ሰፋ ጠበበ ለውጥ የለውም፣ ቁመቱ ነው ወሳኙ። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጋዝ ወይ ዘይት ወይ ጨዋማ ውሃ በ340 ባር እየገፋ ከሆነ ጭቃው አሸነፈ፣ ሰላም ነው። በ370 ከሆነ ግን ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ጭቃውንም ወደላይ ይገፋዋል። በቃ ኪክ ይሄ ነው። ያ በፊልም ምናየው ወደ ሰማይ ሚተፋው እሳት ኪክ አይደለም፣ እሱ ብሎውአውት ነው፣ ኪኩን ያላየ ወይ አይቶ ያላመነ ሰው ነው እዛ ሚደርሰው።

አጎቴ መካኒክ ስለነበር ወዲያው «ታዲያ ጭቃውን በደንብ አክብዳችሁት አትገላገሉም?» አለ። አይሆንም፣ ምክንያቱም ከበዛ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ ከተሰነጠቀ ጭቃው በስንጥቁ ይሄዳል፣ ሲሄድ የጭቃው ቁመት ይወርዳል፣ ቁመቱ ሲወርድ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዛ ሌላ ቦታ ላይ ያለው ጋዝ ይገባል። ማለት ኪክ ፈርተህ ያከበድከው ጭቃ ራሱ ኪክ ያመጣብሃል። አንዳንድ ቦታ ኪክ በሚያመጣው ቅለትና ድንጋይ በሚሰነጥቀው ክብደት መሀል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ስለሆነ ነው ጭቃ መዛኝ ደሞዝ ሚከፈለው (ይሄን ለአጎቴ በደንብ አስምሬበታለሁ)።

ደሞ ብዙ ሰው ኪክ ሚመጣው እየተቆፈረ ብቻ ይመስለዋል፣ ፓይፑ ሲወጣም ይመጣል፣ እንደውም ሰው ሚዘናጋው እዛ ላይ ነው። 3 ፓይፕ አንድ ላይ እንደተያያዘ ይወጣል፣ ስታንድ ይባላል፣ ወደ 28 ሜትር ነው። 5 ኢንች ፓይፕ ከሆነ ብረቱ ራሱ በሜትር ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚ 5 ስታንድ ስታወጣ ወደ 550 ሊትር ጭቃ መልሰህ መሙላት አለብህ፣ ካልሞላህ ቁመቱ ወረደ ማለት ነው። ሌላው ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ፓይፑ እንደ ስሪንጅ ይሆንና ጋዙን ከድንጋዩ ስቦ ያስገባዋል።

አንድ ሌሊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፓይፕ እየወጣ እኔ ጉድጓዱ ሚሞላባት ትንሿ ታንክ ጋር ቁጭ ብዬ እየመዘገብኩ ነው፣ ለ5 ስታንድ 550 ሊትር መጠጣት የነበረበት ጉድጓድ 310 ጠጣ። ቀሪውን ቦታ ማን ሞላው? ድሪለራችን (መቆፈሪያውን ሚነዳው) ሁላችንም አባባ ምንለው ሽማግሌ ሰውዬ ነው፣ ሄጄ አባባ ቁጥሩ ልክ አይመስለኝም አልኩት፣ «ስንት ጠጣ?» አለ፣ 310፣ ሌላ ቃል አልተናገረም፣ እጁን አነሳ ሁሉም ቆመ። ከዛ አንዱ በባትሪ ጭቃው ሚመለስበት ቦይ ላይ አብርቶ 15 ደቂቃ ዝም ብለን አየን፣ ፓምፕ ቆሞ ከጉድጓዱ አንድ ክር ታህል እንኳን ከፈሰሰ ነገር አለ ማለት ነው። አልፈሰሰም። ቢሆንም አባባ ፓይፑን መልሶ ታች ድረስ አስገባውና ጭቃውን አዞረው፣ ከስንት ሰአት በኋላ አረፋ የሞላው ጭቃ መጣ፣ ስመዝነው 1.2 የነበረው 1.1 ገብቷል። ያቺ 240 ሊትር ነበረች።

240 ሊትር ምን ያህል ነው፣ አንድ በርሜል ተኩል አይሞላም እኮ ትላላችሁ። ችግሩ ጋዝ ሲወጣ ያብጣል። በ350 ባር 1 ሊትር የነበረ ጋዝ በግርድፉ ስናሰላው ላይ ሲደርስ ወደ 350 ሊትር ይሆናል፣ ግን እኩል እኩል አይደለም ሚያብጠው፣ ከ3000 እስከ 1500 ሜትር እስኪወጣ እጥፍ ብቻ ነው ሚሆነው፣ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ነው ሚፈነዳው። ልክ እንደ ጀበናው፣ ሆዱ ውስጥ ምንም ሳይመስል አንገቱ ጋር ሲደርስ ፊጭ።

እየተቆፈረ ከሆነ ምልክቶቹ ሌላ ናቸው፣ ቢቱ ድንገት ፈጥኖ መሄድ ይጀምራል፣ ከምትልከው በላይ ጭቃ ይመለሳል፣ የጭቃው ታንክ ከፍ ይላል። ያኔ ፓምፕ ታቆማለህ፣ ታያለህ፣ ከፈሰሰ ትዘጋለህ። ሚዘጋው ቢኦፒ ነው፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ሚደረደር የቫልቭ ክምር፣ አንዱ ፓይፑን በጎማ ዙሪያውን ሚያንቅ፣ አንዱ በብረት መንጋጋ ሚይዝ፣ አንዱ ጨክኖ ፓይፑን ሚቆርጥ። በፈረንጆቹ 1922 ቴክሳስ ውስጥ አበርክሮምቢና ካሜሮን የሚባሉ ሰዎች ናቸው የመጀመሪያውን ባለ መንጋጋ የሰሩት፣ ከዛ በፊት በ1901 እዛው ቴክሳስ ስፒንድልቶፕ ላይ ዘይቱ 9 ቀን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲፈስ ሚዘጋ ነገር አልነበረም። መዝጊያው ጉልበት ሚያገኘው ቀድሞ በናይትሮጅን ከታመቀ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፣ ስለዚ መብራት ቢጠፋም ይዘጋል፣ አዳማ ያደገ ሰው ይሄን ያደንቃል።

ተዘጋ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም፣ ለኔ በጣም ሚገርመኝ እዚ ጋር ነው። ጋዙ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥም ቀስ እያለ ይወጣል፣ ማበጫ ቦታ ካጣ ደሞ የታችኛውን ግፊት እንደያዘ ነው ሚመጣው፣ ላይ ሲደርስ ከሱ ስር ያለው ጭቃ ክብደት ሲደመርበት ታች ያለው ግፊት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋዩ አይችለውም። ስለዚ ቾክ በሚባል ጠባብ ቫልቭ በጥቂቱ እያስተነፈሱ ታች ያለውን ግፊት ሳያወርዱ ማውጣት ነው። ፓይፑ ላይ ያለው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ምን ያህል እንደጎደለ ይነግርሃል፣ 20 ባር ካሳየ ለ3000 ሜትር 1.2 የነበረውን ጭቃ ወደ 1.27 ታከብዳለህ። አንዳንዱ መጀመሪያ በድሮው ጭቃ ጋዙን አውጥቶ ከዛ ከባዱን ያስገባል፣ አንዳንዱ ከባዱን አዘጋጅቶ ባንድ ዙር ይጨርሳል። ክርክሩ አያልቅም፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ስሌቱ ቀላል ነው።

ጌጅ ካልታመነ ግን ምንም አይጠቅምም። ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የሚባል ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ የነበረ ሪግ ላይ፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 20፣ 2010፣ ጉድጓዱ ታሽጓል ወይ ብለው ሲፈትሹ ፓይፑ ላይ ዜሮ መሆን የነበረበት ግፊት 1,400 ፒኤስአይ (ወደ 97 ባር) እያሳየ ነበር፣ ምክንያት ፈልገውለት ቀጠሉ፣ ያን ሌሊት 11 ሰው ሞተ፣ ጉድጓዱም 87 ቀን ፈሰሰ።

አጎቴ መጨረሻ ላይ «እዚ ሶደሬ ያለው ፍል ውሃስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እነ አሉቶና ቱሉ ሞዬ ላይ ለእንፋሎት ሲቆፈር ነገሩ ከጋዝ ይለያል። 250 ዲግሪ ያለው ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ሚቆየው ወደ 40 ባር ስለተጫነው ብቻ ነው፣ ጫናው ከቀነሰለት እዛው ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። እነሱም ቢኦፒ አላቸው፣ ዋናው መድሃኒታቸው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ጉድጓዱ መልቀቅ ነው፣ እናቴ ጀበናው ሲገነፍልባት ጠብ እንደምታረግበት ማለት ነው፣ እነሱ ጋ ግን ጠብታዋ በሰአት ብዙ ሺ ሊትር ናት።