ቪዲዮው ስልካችን ላይ ሲገባ፦ ስለ ፖሊስ ግድያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፖሊስ ሰው ገደለ ተብሎ ቪዲዮ ሲለቀቅ የእኛም የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖች ሲጮኹ ያድራሉ። አሜሪካ የሚያድጉ ልጆች አሉን። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ሐዘን በራሳቸው ደጃፍ አይተውታል። እኔም እናደዳለሁ፤ መናደዴንም ስህተት ነው አልልም። ግን በየጊዜው እየተመላለሱ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች አሉ፤ ግማሾቹ ለፖሊስ ከሚከራከሩ ሰዎች፣ ግማሾቹ ከእኛው ከተቆጣነው። ቀስ ብለን ብናያቸው ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ፖሊስ መግለጫ ሰጥቶበታል፤ እውነቱ እሱ ነው»

አይደለም። ጆርጅ ፍሎይድ ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲሞት የከተማው ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው የጤና ችግር አጋጥሞት እንደሞተ የሚናገር ነበር። ፖሊስ አንገቱ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ስለመቆየቱ አንድም ቃል የለበትም። እውነቱን ያወጣችው በመንገድ ስታልፍ የቆመች የ17 ዓመት ልጅ ናት። በስልኳ ቀረጸችው። ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን 22 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት።

የቺካጎው ደግሞ ይብሳል። ኦክቶበር 20 ቀን 2014 ላኳን ማክዶናልድ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ተገደለ። በዚያው ሌሊት ለጋዜጠኞች የተነገረው ልጁ ቢላ ይዞ ወደ ፖሊሶቹ እንደተወረወረ ነው። ቢላ መያዙ እውነት ነው፤ ትንሽ ቢላ ነበረችው። የፖሊስ መኪናው ካሜራ የቀረጸው ግን ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። ልጁ የመንገዱን መሃል ይዞ ይሄዳል፤ ከፖሊሶቹ እየራቀ እንጂ እየተጠጋ አይደለም። ድንገት ዞር ይልና ይወድቃል። ከወደቀም በኋላ አጠገቡ ካለው አስፋልት ላይ ትንንሽ ጭስ ብን ሲል ይታያል። 16 ጥይት ነው የተተኮሰበት። ከተማው ይህን ቪዲዮ 13 ወር ያዘው። የተለቀቀው አንድ ጋዜጠኛ ከስሶ ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ ነው። ፖሊሱ የተከሰሰውም ቪዲዮው በወጣበት ቀን ነው፤ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ። ያለ ሕዝብ ግፊት ጉዳዩ እስከ ዛሬም ተቀብሮ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ቪዲዮ ካለ ምን ይጣራል?»

ቪዲዮ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ኤፕሪል 20 ቀን 2021፣ ሾቪን ጥፋተኛ በተባለበት ቀን፣ ኮለምበስ ኦሃዮ ውስጥ ፖሊስ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ተኩሶ ገደለ። ወዲያው ከተሰራጨው ወሬ ውስጥ ልጅቷ ምንም አልያዘችም የሚል ነበረበት። በሰዓታት ውስጥ የፖሊሱ የደረት ካሜራ ቪዲዮ ሲወጣ ሌላ ልጅ ላይ ቢላ ሰንዝራ ታየች። ይህ ሞቷን ቀላል አያደርገውም። ሌላ መንገድ ነበር ወይ ብሎ መከራከርም ይቻላል። ክርክሩ ግን ስለዚያች ቢላ መሆን አለበት፤ ቢላ እንዳልነበረ ሆኖ አይደለም።

«ዝርዝሩን መጠየቅ ከገዳይ ጋር መቆም ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ወዳጆቼ የተቀየሙኝ በዚህ ነውና።

በማርች 2020 ሉዊቪል ውስጥ ስለተገደለችው ስለ ብሪዮና ቴይለር «ቤት ተሳስተው ገብተው፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ ሳለች ገደሏት» ሲባል ሰምታችኋል። ቤት አልተሳሳቱም፤ የብርበራ ማዘዣው ላይ የተጻፈው የእሷ አድራሻ ነው። አልጋ ላይም አልነበረችም፤ ከጓደኛዋ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ታዲያ ይህ ፖሊሶቹን ነጻ ያወጣል? በፍጹም! ከእኩለ ሌሊት በኋላ በር ተሰብሮ ሲገባ ጓደኛዋ ሌባ መስሎት አንድ ጊዜ ተኮሰ። ፖሊሶቹ 32 ጥይት ተኮሱ። በኋላ ደግሞ አንዲት የቀድሞ መርማሪ ማዘዣው የወጣበትን ቃል በሐሰት በማዘጋጀት ተባባሪ እንደነበረች በ2022 ፍርድ ቤት ቀርባ አመነች። ከተማው ለቤተሰቧ 12 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይከፋል። ወሬውን ይዘን ስንሟገት ግን ተቃራኒያችን «አልጋ ላይ አልነበረችም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋናል፤ የሐሰቱ ማዘዣ ሳይነሳ ይቀራል።

በሚዙሪ ግዛት ያለችው የፈርጉሰን ከተማ ታሪክም እንዲሁ ነው። ማይክል ብራውን የሚባል ጥቁር ወጣት በኦገስት 2014 በፖሊስ ሲገደል «እጁን አንስቶ አትተኩስ እያለ ነው» ተባለ፤ መፈክርም ሆነ። የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር መርምሮ ማስረጃው ይህን አይደግፍም አለ። በዚያው ቀን፣ በማርች 2015፣ ሁለተኛ ሪፖርት አወጣ። ከፈርጉሰን ነዋሪ 67 በመቶው ጥቁር ሆኖ ሳለ ከሚታሰረው 93 በመቶው ጥቁር ነበር። ከተማው በጀቱን በቅጣት ገንዘብ ለመሙላት ፖሊሶቹን ይገፋ ነበር። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ሪፖርት ብቻ ያነባል፣ ሌላው ሁለተኛውን ብቻ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው።

«ከሚገደሉት ብዙዎቹ ነጮች ናቸው፤ የዘር ጉዳይ የለበትም»

ዋሽንግተን ፖስት ከ2015 ጀምሮ መቁጠር ሲጀምር በዓመት ወደ 1,000 ሰው በፖሊስ ተተኩሶበት እንደሚሞት ታየ። በቁጥር ነጮች ይበዛሉ፤ እውነት ነው። ግን 100 ልጆች ካሉበት ትምህርት ቤት 10 ቢታመሙና 20 ልጆች ካሉበት 5 ቢታመሙ፣ የትኛው ቤት ነው ያስጨነቃችሁ? ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲሰላ ጥቁር አሜሪካውያን የሚገደሉበት መጠን ከነጮች ከእጥፍ በላይ ነው።

በእኛም በኩል ስህተት አለ። መሣሪያ ያልያዙ ጥቁሮች በየዓመቱ በሺዎች የሚገደሉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም፤ በፖሊስ ተተኩሶባቸው ከሚሞቱት ሁሉ መሣሪያ ያልያዙት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ የሚለውም ገና የሚያከራክር ነው። የሃርቫርዱ ኢኮኖሚስት ሮላንድ ፍራየር በ2016 ባወጣው ጥናት በመግፋት፣ በካቴና በማሰርና በመሳሰለው ትልቅ የዘር ልዩነት አገኘ፤ በተኩስ ላይ ግን አላገኘም። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ «ቀድሞውኑ ማንን ያስቆማሉ የሚለው የተዛባ ከሆነ ሒሳቡም ይዛባል» ብለው ሞገቱት።

«መሣሪያ ይዞ ነበር፤ አለቀ»

ፊላንዶ ካስቲል በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሲገደል ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ነበረው። መያዙንም ለፖሊሱ በጨዋ ቃል ራሱ ነግሮታል።

«ፍርድ ቤት ነጻ ካለው አላጠፋም ማለት ነው»

የካስቲልን ገዳይ ፍርድ ቤት ነጻ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1989 ጀምሮ የሚጠይቀው «በዚያች ቅጽበት፣ በዚያ ቦታ የነበረ አመዛዛኝ ፖሊስ እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ሕጉ ለተኳሹ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በወንጀል አለመቀጣት አንድ ነገር ነው፤ ትክክል መሥራት ሌላ።

«ጥይቱ ነጥሮ ነው የሚሉት ሽፋን ነው»

ይህን በእስራኤል ስለተገደለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ስለ ሰለሞን ተካ ብዙ ሰምቻለሁ። ጁን 30 ቀን 2019 ሃይፋ ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ወጣቶቹ መንገድ ዘጉ፤ አገሩ ተናወጠ። ፖሊሱ ወደ መሬት ነው የተኮስኩት አለ። ምርመራውም ጥይቱ መሬት መትቶ እንደነጠረ አሳየ። እውነት ሊሆን አይችልም ብሎ መካድ አያስፈልገንም። ነጠረ እንበል። ከልጆቹና ከሚስቱ ጋር የወጣ ሰው ወጣቶች በቆሙበት ጠንካራ መሬት ላይ ለምን ተኮሰ? ክሱም የመጣው በዚሁ ነው፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል።