የሬኔ ማግሪት ሥዕሎች በብራሰልስ

ሬኔ ማግሪት (1898–1967) ሱሪያሊዝም፣ ማለትም ሕልም መሰል ምስሎችን የሚያቀርበው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ፣ በተነሣ ቁጥር ከሳልቫዶር ዳሊ ጋር ስሙ የሚጠራ ቤልጂየማዊ ሠዓሊ ነው። ክብ ጥቁር ባርኔጣ የደፋውን ሰው ወይም ፊት የጋረደውን አረንጓዴ ፖም በመጽሐፍ ሽፋን፣ በፖስተር ወይም በማስታወቂያ ላይ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ሥዕሎቹን ራሳቸውን፣ አብዛኞቹ በተሣሉበት ከተማ፣ ከኑሮው ጋር አዛምዶ ለማየት ግን ከብራሰልስ የተሻለ ቦታ የለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማግሪት የተወለደው ሌሲን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ በ1912 ሳምብር ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። አስከሬኗ ሲወጣ የሌሊት ልብሷ ፊቷን ሸፍኖት ነበር፣ የ13 ዓመቱ ልጅም ይህን በዐይኑ አይቷል የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ በጨርቅ የተሸፈኑ ፊቶች በሥዕሎቹ ውስጥ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው የሚሉም አሉ። ተመራማሪዎች ግን ልጁ በቦታው መገኘቱን ይጠራጠራሉ፤ ማግሪት ራሱም ሥዕሎቹ በዚህ መንገድ እንዲፈቱ አይወድም ነበር። በብራሰልስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ በ1922 ዦርዤት ቤርዤን አገባ፤ በግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ንድፍ አውጪ ሆኖም ሠራ። ከ1927 እስከ 1930 ፓሪስ አጠገብ ኖረ።

በብራሰልስ ትልቁ ስብስብ የሚገኘው በማግሪት ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የቤልጂየም ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች አካል ሲሆን፣ በፕላስ ሩዋያል አደባባይ፣ አልተንሎ በሚባለው ነባር ሕንፃ ውስጥ በ2009 ተከፈተ። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ዳገቱን በእግር ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከ200 በላይ ሥራዎችና ሰነዶች አሉት፤ ለዚህ የበቃውም በስጦታና በኑዛዜ ነው። ባለቤቱ ዦርዤትም ሆነች የገጣሚው ወዳጁ የሉዊ ስኩቴኔር ሚስት ኢሬን አሟር ያቆዩትን ለአገር አወረሱ። ሥዕሎቹ በየጨረታው ሳይበታተኑ ለሕዝብ የቀሩት በእነዚህ ሁለት ሴቶች ቸርነት ጭምር መሆኑን የሚያስታውስ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ሊታወስ ግን ይገባል።

ጉብኝቱ ከላይ ወደ ታች ነው። ጎብኚው በአሳንሰር ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ እስከ 1929 ያለውን ዘመን ያያል፤ ሁለተኛው ፎቅ እስከ 1950፣ የመጀመሪያው ደግሞ እስከ ሞቱ ያለውን ይይዛል። ከላይኛው ፎቅ ሥዕሎች አንዱ በ1927 የተሣለው «ምስጢረኛው ተጫዋች» ነው። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች በዱላ ኳስ ይጫወታሉ፤ በላያቸው ጥቁር የባሕር ኤሊ በአየር ላይ ይዋኛል። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ «መመለስ» አለ። በ1940፣ አገሩ በጦርነት በተወረረችበት ዓመት የተሣለ ነው፦ በጨለማ ሰማይ ላይ የምትበር ወፍ፣ ገላዋ ላባ ሳይሆን ነጭ ደመና የፈሰሰበት የቀን ሰማይ ነው፤ ከታች ጎጆዋ ውስጥ ሦስት እንቁላሎች ይጠብቋታል። ማግሪት ይህችኑ ወፍ በ1966 ለቤልጂየም አየር መንገድ ለሳቤና ደግሞ ስሏታል።

በጦርነቱ ጊዜ ማግሪት እንደ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሬኗር በደማቅና ለስላሳ ቀለም መሣል ጀምሮ ነበር፤ ወዳጆቹም አልተቀበሉለትም። በ1948 ደግሞ ለፓሪስ ኤግዚቢሽን «የላም ዘመን» የሚባሉትን ሸካራና ቀልደኛ ሥዕሎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠራ፤ ፓሪስ ፊቷን አዞረች። ብዙ ጎብኚዎች እነዚህን በጥድፊያ ያልፏቸዋል፤ ይሁንና ባርኔጣ ለባሹ ሰው ብቻ ማግሪት እንዳልሆነ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።

በመጨረሻው ፎቅ «የብርሃን ግዛት» የተባለው የ1954 ሥዕል ይጠብቃል። ቁመቱ 146፣ ስፋቱ 114 ሳንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ተራ ነገር ነው፦ ቤት፣ ዛፍ፣ የመንገድ መብራት፣ በመስኮት የሚወጣ ቢጫ ብርሃን። ቤቱ መሽቶበታል። ዐይን ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሰማዩ የቀትር ሰማይ ነው፤ ጠርቷል፣ ነጫጭ ደመና አለበት። ሌሊቱና ቀኑ የሚገናኙበትን መስመር ፈልገው ቢጠጉ አያገኙትም፤ ዛፉ ደብቆታል። ከሥዕሉ ፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚያልፍ ሰው እጅ አይሰጥም። ማግሪት በዚህ ሐሳብ 17 የዘይት ቀለም ሥዕሎችን ሠርቷል። ከእነርሱ አንዱ፣ እሱም በ1954 የተሣለ፣ በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ወርቁን መፈለግ ልማድ ነው። ማግሪት ግን ከሥዕሉ ጀርባ የተደበቀ ፍች የለም ይል ነበር። ርእሶቹም ቁልፍ አይሰጡም፤ ብዙዎቹን ስኩቴኔርና ፖል ኑዤን የመሳሰሉ ገጣሚ ወዳጆቹ ተሰብስበው ያወጡለት ነበር።

እነዚያ ስብሰባዎች ይደረጉበት የነበረው ቤት ዛሬም አለ። በሰሜን ምዕራብ ብራሰልስ፣ ዤት በሚባለው ሰፈር፣ ኤሰገም መንገድ፣ ቁጥር 135 ነው። ማግሪትና ዦርዤት ምድር ቤቱን ተከራይተው ከ1930 እስከ 1954 ድረስ 24 ዓመት ኖረውበታል። ከመላ ሥራው ግማሽ ያህሉ የተሣለው እዚህ ነው። በ1999 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከትልቁ ሙዚየም ጋር አንድ ድርጅት አይደለም፤ በግል ትጋት የቆመ ነው፤ አንዱን ብቻ ማየት ለሚችል ሰው ግን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያለ ማመንታት የዤቱን ይመርጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቱ ከጎረቤቶቹ በምንም የማይለይ ጠባብ የከተማ ቤት ነው። ሰፊ የሥዕል ክፍል የለም፤ ማግሪት ይሥል የነበረው በኋለኛው ትንሽ የመመገቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሸራውን እዚያው አቁሞ፣ ሱፉን ለብሶና ክራቫቱን አስሮ ነው። የፊተኛው ሳሎን ግድግዳ ሰማያዊ ነው፤ መስኮቱ፣ የእሳት ምድጃው፣ ደረጃውና በሮቹ በየሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ናቸው። በ1938 የተሣለውን፣ ከምድጃ ውስጥ ባቡር የሚወጣበትን ሥዕል የሚያውቅ ሰው እዚህ ምድጃ ፊት ሲቆም ይደነቃል። ዋናው ሥዕል ቺካጎ ነው፤ ምድጃው ግን ዤት ነው። በጓሮው ከወንድሙ ከፖል ጋር «ስቱዲዮ ዶንጎ» ብለው የከፈቱት የማስታወቂያ ሥራ ቦታ አለ። ሥዕሎቹ እምብዛም በማይሸጡበት ጊዜ ቤቱ የሚተዳደረው በዚህ ነበር። ወዳጁ የነበረው ማርሴል ማሪየን፣ ማግሪት በጦርነቱ ዘመን የፒካሶና የሌሎችን ሥዕል እያስመሰለ ይሠራ ነበር ሲል ጽፏል፤ ይህ ቢሆንም እንኳ በችግሩ ዘመን ልክ መመዘን ይኖርበታል።

በመስከረም 2009፣ ትልቁ ሙዚየም በተከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች የዤቱን ቤት ገብተው «ኦሎምፒያ»ን ወሰዱት። በ1948 የተሣለው ይህ ትንሽ ሥዕል በሆዷ ላይ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ያለባትን ዦርዤትን የሚያሳይ ነው። በዓለም የታወቀ ሥዕል ገዢ አይገኝለትምና በ2012 መጀመሪያ ተመለሰ።

ከሁለቱ ሙዚየሞች ውጭ ሠዓሊው በከተማዋ ተበትኖ ይገኛል። በሞንዴዛር ኮረብታ ሥር ባለው የጉባኤ አዳራሽ በ1961 የተሠራ የግድግዳ ሥዕሉ አለ። በአሌክሲያን መንገድ ያለው «ላ ፍለር አን ፓፒዬ ዶሬ» ቡና ቤት ሱሪያሊስቶቹ የሚገናኙበት ነበር፤ ዛሬም ክፍት ነው፣ ግድግዳውም በአሮጌ ሥዕልና ጽሑፍ የተሞላ ነው።

ብራሰልስ ውስጥ የማይገኙትንም ማወቅ ከቅሬታ ያድናል። «ይህ ፒፓ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት የ1929 ሥዕል ሎስ አንጀለስ ነው። ሰማይ የታየበት ትልቁ ዐይንና በጨርቅ የተሸፈኑት ፍቅረኞች ኒው ዮርክ፣ እንደ ዝናብ የሚወርዱት ባርኔጣ ለባሾች ሂውስተን ናቸው። ፖም ፊቱን የጋረደው ሰው የግል ንብረት ነው።

ሱሪያሊዝም ለኢትዮጵያ ሥነ ጥበብም ባዕድ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1957 ጀምሮ በፓሪስ በቆየባቸው ዓመታት ከእነ ኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር ተዋውቆ፣ ያገኘውን ከአገሩ የክታብ ጥቅልልና የቅዱሳት ሥዕላት ቅርስ ጋር አዋሕዶ የራሱ አድርጎታል። እስክንድርን የሚወድ ሰው በብራሰልሱ ማግሪት ሙዚየም የላይኛው ፎቅ ላይ ቤተ ዘመድ ያገኛል።

ማግሪት በነሐሴ 15 ቀን 1967 ስካርቤክ በሚባለው የብራሰልስ ሰፈር በሚገኘው የመጨረሻ መኖሪያ ቤቱ አረፈ። መቃብሩ በስካርቤክ መካነ መቃብር ነው፤ በ1986 ያረፈችው ዦርዤትም አብራው ተቀብራለች።