«እኛ ጋ አድልዎ የለም»፦ በሥራ ቦታ ስለ ብዝኃነት የምንስታቸው ነገሮች

«እኛ የምናየው ችሎታ ብቻ ነው»

ይህን የሚል ቀጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ከልቡ ነው። ዓይናችን ግን የምናስበውን ያህል ፍትሐዊ አይደለም። ማሪያን በርትራንድ እና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጋ የፈጠራ ሲቪ አዘጋጅተው፣ ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ላኩ። ትምህርቱና ልምዱ ተመጣጣኝ ነው፤ የሚለየው ስሙ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። የነጭ የሚመስል ስም ያለው አመልካች አንድ ጥሪ ለማግኘት 10 ያህል ሲቪ ሲበቃው፣ የጥቁር የሚመስል ስም ያለው ግን 15 ያህል መላክ ነበረበት። ከቀጣሪዎቹ ብዙዎቹ እንዳዳሉ ራሱ አያውቁ ይሆናል።

ስለዚህ «ብዝኃነት ብቃትን ያወርዳል» የሚለው ስጋት ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። ብቃት የሚወርደው ጎበዝ ሰው በስሙ ምክንያት በር ላይ ሲቀር ነው። መስፈርቱን አመልካቾችን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ።

«የተለያዩ ሰዎች ቀጥረናል፤ ጨርሰናል»

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ስብሰባ ላይ ሁሉም ይቀመጣል። ዋናው ውሳኔ ግን ከሥራ በኋላ መጠጥ ላይ ያልቃል። ልጇን ለመውሰድ የሮጠችው እናት እዚያ የለችም። የማይጠጣውም የለም። ጠዋት ሲመጡ ነገሩ ተቆርጧል። ማንም «አትምጡ» አላላቸውም፤ ግን ውጭ ናቸው።

ይህ ሲደጋገም ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ስህተት ቢያይም አይናገርም። ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የሥራ ቡድኖችን ሲመረምሩ፣ አባላቱ ሳይሸማቀቁ መጠየቅና ስህተታቸውን ማውጣት የሚችሉበት ቡድን የበለጠ እንደሚማር አይተዋል። እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ ልብ በሉ፦ ማን ተናገረ? የማን ንግግር ተቋረጠ? ደህና ደህናው ሥራስ ሁልጊዜ ለማን ነው የሚሰጠው?

«ክርክር ከበዛ አልተሳካም ማለት ነው»

ተመራማሪዋ ካትሪን ፊሊፕስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሙከራ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው የአንድ ግድያ ፈጻሚ ማን እንደሆነ እንዲለዩ ተደረገ። ከሌላ የተማሪዎች ማኅበር የመጣ እንግዳ የተቀላቀላቸው ቡድኖች ውይይታቸው ጥሩ አልመሰላቸውም። በመልሳቸውም ያን ያህል እርግጠኛ አልነበሩም። ገዳዩን በትክክል በመለየት ግን የበለጡት እነሱ ናቸው። እርግጥ ስድብና ማሸማቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ማንም መታገስ የለበትም።

«አካል ጉዳተኛ መቅጠር ወጪ ነው»

ብዙው ማስተካከያ ገንዘብ አይጠይቅም። የሥራ ሰዓት መቀየር፣ ጠረጴዛ ማዛወር፣ ሰነዱን በስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ሊነበብ በሚችል መልክ መላክ። የሚያስፈልገውን ደግሞ ከራሱ ከአካል ጉዳተኛው በላይ የሚያውቅ የለም። ጠይቁት።

«ሁሉንም ሥልጠና እናስገባቸው»

ፍራንክ ዶቢን እና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የ30 ዓመታት ያህል መረጃ መርምረዋል። ስለ ብዝኃነት የሚሰጥ የግዴታ ሥልጠና ከተጀመረ ከ5 ዓመት በኋላ፣ ከሥራ አስኪያጆች መካከል የጥቁር ሴቶች ድርሻ እንደውም በአማካይ 9 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሰው ሲገደድ እልህ ይይዘዋል። የተሻለ ውጤት የታየው አለቆች ራሳቸው ኃላፊነት ሲወስዱ ነው፤ አንድ ጀማሪ ተረክበው ሲያማክሩ፣ ሥራ ሲያሳዩ፣ የዕድገት ቦታ ሲከፈት ስሙን ሲያነሱለት።