ሃንዲካፕ ምጽዋት አይደለም! ስለ ቦውሊንግ ሊግ የምሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

«ለማይችል ሰው 70 ነጥብ በነፃ ሰጥታችሁ እኛን ታሸንፉናላችሁ» የሚል ሰው ዘንድሮ አንድ ተጨማሪ ከመጣ ደብተሩን አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ የሐሙስ ማታ ሊግ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ውጤት የሚመዘግብ፣ ብር የሚሰበስብ፣ የሁሉንም ቅሬታ የሚሰማ ሰው ነው። ደሞዙ ስድብ ነው። ሊጋችን ውስጥ ሐበሾች እየበዛን ነው፣ ደስ ይላል። ግን አብሮን የመጣ አንድ ጠባይ አለ፤ ሕጉን ሳናነብ እንከራከራለን።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ቦውሊንግ ሌን በሚባል ረጅም ወለል ጫፍ የቆሙ አሥር ፒኖችን በኳስ መጣል ነው። ሃንዲካፕ ደግሞ አማካይ ውጤቱ ዝቅ ላለ ተጫዋች በየጌሙ የሚጨመርለት ነጥብ ነው፤ ሂሳቡን ኋላ እንሠራዋለን። ሊግ ማለት ከነሐሴ መጨረሻ ወይም ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያና ግንቦት ድረስ በሳምንት አንድ ማታ የሚደረግ ውድድር ነው። ቡድን ከቡድን ይገጥማል፣ በአንድ ማታ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጌም ይጫወታል። ልደት ላይ ሄዶ ኳስ እንደመወርወር አይደለም።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«የኪራይ ጫማው ብር መልቀሚያ ነው።» አይደለም። ኳሱን ስንለቅ የመጨረሻው እርምጃ መንሸራተት አለበት። የመንገድ ጫማ ወለሉን ይይዛል፤ እግር ይቆማል፣ ሰውነት ይቀጥላል። እርጥበት ደግሞ የባሰ ነው። አንድ የቡድን ጓደኛዬ ቢራ ሊያመጣ ሄዶ መንገድ ላይ የፈሰሰ ኮካ ረግጦ ተመለሰ። ማንም አላየም። ተራው ደርሶ ሲሮጥ የግራ እግሩ ኳስ የሚለቀቅበት መስመር ጋ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ኳሱ ወደ ጋተር (ሌኑ ዳር ወዳለው ቦይ)፣ እሱ በጉልበቱ። ባር የምትሄዱ ከሆነ ጫማችሁ ላይ ሽፋን አድርጉ፣ ሽንት ቤትም ቢሆን።

«መስመሩን ትንሽ ባልፍ ምን አለበት?» ዜሮ አለበት። አስሩንም ብትጥሉ አይቆጠርም።

«በሁለት እጅ መጣል ማጭበርበር ነው።» አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ በሁለት እጁ እየጣለ የፒቢኤን (የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበሩን) ታላላቅ ውድድሮች 15 ጊዜ አሸንፏል። ከእሱ በላይ ያሸነፈ የለም። ሕጉ ይፈቅዳል። ቀጥሎ።

«ዕቁብ ነው አይደል? መጨረሻ ላይ ብሬን እወስዳለሁ።» ይቺን የምሰማው ከእኛ ሰው ብቻ ነው። በየሳምንቱ የምትከፍሉት ብር ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ድርሻ የሌን ኪራይ ሆኖ ለቦውሊንግ ቤቱ ይሄዳል፤ እሱ ተበልቷል፣ አይመለስም። የቀረው ሽልማት ውስጥ ይገባል፣ የሚከፋፈለውም በውጤት ነው። ዕቁብ ዕጣው ለሁሉም ይደርሳል። እዚህ መጨረሻ የወጣ ቡድን የሚደርሰው ጥቂት ነው።

«ብቀር ማንን እጎዳለሁ?» ቡድንህን። በብዙ ሊግ የቀረ ሰው የሚያዝለት የራሱ አማካይ ውጤት 10 ተቀንሶለት ነው። በሦስት ጌም 30 ነጥብ ሜዳ ላይ ጥለህ ሄድክ ማለት ነው። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ይገባኛል፤ እኔም ዘመድ አለኝ። ግን ብዙ ሊግ ቀድሞ ተጫውቶ ማስመዝገብን ይፈቅዳል። ሰርጉን ከሦስት ወር በፊት ታውቀው የለም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው።

«ሃንዲካፕ ሌብነት ነው»

እሺ፣ እንቀመጥና ሂሳቡን እንሥራ።

አቬሬጅ የጣላችሁት ፒን በሙሉ ለተጫወታችሁት ጌም ሲካፈል ነው። ክፍልፋይ አይጠጋጋም፣ ይጣላል። 171.8 ያለው ሰው አቬሬጁ 171 ነው። (በዚህም ተጣልተውኛል።) ሃንዲካፕ ደግሞ ሊጉ ከመረጠው አንድ ቁጥር ላይ አቬሬጃችሁ ተቀንሶ ከልዩነቱ የተወሰነ መቶኛ ይሰጣችኋል። የእኛ መነሻ 220 ነው፣ መቶኛው 90።

አቬሬጁ 205 የሆነ ሰው እንውሰድ። ከ220 ልዩነቱ 15 ነው፤ 90 በመቶው 13.5፣ ክፍልፋዩ ሲጣል 13። አቬሬጁ 140 የሆነው ልዩነቱ 80፣ 90 በመቶው 72። ሁለቱም የተለመደውን ቢጫወቱ አንደኛው 218፣ ሁለተኛው 212 ያገኛሉ። እንግዲህ ማን ነው የሚያሸንፈው? ጎበዙ! በጌም 6 ነጥብ፣ በሦስት ጌም 18። አራት ሰው ያለው ቡድን ሁሉም እንደዚያ ቢሆን በአንድ ጌም 24 ነጥብ ቀድመህ ነው የምትጀምረው። 90 በመቶ የተባለው ለዚህ ነው። ጥሩ ተጫዋች ትንሽ ብልጫ እንዲቀረው ታስቦ ነው፣ ጎበዝ በመሆኑ እንዳይቀጣ።

«ታዲያ ለምን እንሸነፋለን?» የተለመደውን ስላልተጫወታችሁ ነዋ።

አንድ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አባት አሉን፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አቬሬጃቸው 138፣ ሃንዲካፓቸው 73 ነው። አንድ ማታ ኳሱ ታዘዘላቸውና 191 መቱ። ከነሃንዲካፑ 264። ተጋጣሚያቸው፣ የ205ቱ ሰውዬ፣ 201 መትቶ ከነሃንዲካፑ 214 ይዞ ቆመ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። «ይኼ ጨዋታ ነው ወይ?» አለ፣ «ሎተሪ ነው» አለ፣ ኳሱን ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ ሊወጣ ሲል ጠራሁትና የውጤት ወረቀቱን አሳየሁት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጋሼ 112፣ 119፣ 125 እያሉ ሲሸነፉ ነበር፤ የዚሁ ሰውዬ ቡድንም ከእሳቸው ቡድን ነጥብ ጠራርጎ የወሰደበት ማታ ነበር። ያን ማታ ሎተሪ ያለ ሰው አልሰማሁም። አቬሬጁ ዝቅ ያለ ሰው ውጤቱ ይዋልላል፣ አንዴ 110 አንዴ 180። እናንተ የምታስታውሱት 180ዋን ብቻ ነው።

እውነተኛ ሌብነት የለም አልልም። አለ። ሆን ብሎ አቬሬጅን ዝቅ ማድረግ ነው። ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላሏን ፒን እያየ ይስታል፣ አቬሬጁ ይወርዳል፣ ሃንዲካፑ ያብጣል፣ ሽልማቱ ሲቃረብ ድንገት ይነቃል። ይኼ ጨዋታውን በሚመራው በዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ሕግ ክልክል ነው፣ እስከ መታገድ ያደርሳል። ጸሐፊ አይታለልም። ጌሙ አንገት ለአንገት ሲሆን አስረኛዋን ፒን የሚነቅል፣ አሸናፊው ከለየ በኋላ ግን ያቺኑ ፒን በጋተር የሚያልፍ ሰው ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ውድድሮች ያለፈውን ሲዝን አቬሬጅ፣ ቢያንስ 21 ጌም የተጫወተበትን፣ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

ሌላም ልጨምር። መነሻው ቁጥር ከሊጉ ምርጥ ተጫዋች አቬሬጅ በላይ መሆን አለበት። 220 ላይ አስቀምጣችሁ አቬሬጁ 235 የሆነ ሰው ቢገባ ሃንዲካፑ ዜሮ ነው፣ ከ220 በላይ ያለው 15 ግን ንጹህ ትርፍ ሆኖ ይቀርለታል። ማጉረምረም የፈለገ እዚያ ጋ ያጉረምርም። ሲዝኑ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ስብሰባ ላይ መጥቶ መነሻው ከፍ ይበል ብሎ ድምፅ ይስጥ። ስብሰባው ላይ ግን አይመጡም።

ሃንዲካፕ ጨርሶ የማትፈልጉ ከሆነ ስክራች ሊግ የሚባል አለ። የመታኸውን ብቻ ነው የምትይዘው። ሂዱ! የሚገርመው ግን ሃንዲካፕን የሚሰድበው የ205 ሰው ወደዚያ አይሄድም። ለምን? እዚያ አቬሬጁ 225 የሆነ ሰው ይጠብቀዋላ።

«ስትራይክ ካልመታሁ ዋጋ የለውም»

ስትራይክ አስሩንም ፒን በመጀመሪያው ኳስ መጣል ነው። አንድ ጌም አሥር ፍሬም፣ ማለትም አሥር ተራ አለው፤ በፍሬም ሁለት ኳስ ይጣላል። ለዚህ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዙልኝ። በየፍሬሙ በመጀመሪያው ኳስ 9 ጥላችሁ አንዷን ብትስቱ ጠቅላላ ውጤታችሁ 90 ነው። በየፍሬሙ 9 ጥላችሁ አንዷን ብትለቅሙ 190 ነው። አንድም ስትራይክ የለም። 100 ነጥብ የመጣው ከዚያች ከተናቀች አንድ ፒን ነው። ስፔር ስትመቱ፣ ማለትም የቀረውን በሁለተኛው ኳስ ስትለቅሙ፣ አስር ይያዝና የሚቀጥለው ኳስ ይደመርበታል፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው የምታስለቅሰው አስረኛዋ ናት፣ ቀኝ ጥግ ያለችው። ከቀኝ ቆማችሁ በጋተሩ ጠርዝ አትሂዱባት። ወደ ግራ ሂዱና ሌኑን አቋርጣችሁ ጣሉ፣ ቦታ ታገኛላችሁ። ፕላስቲክ ኳስ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለ ብዙ መቶ ዶላሩን ኳስ ይዛችሁ ስፔር ስትስቱ ማየት ያማል።

«ሌኑ ተበላሽቷል፣ የመጀመሪያው ጌም ላይ እንዲህ አልነበረም»

አልተበላሸም። ዘይቱ ተንቀሳቅሷል። ሌን ላይ ዘይት እንዳለ ስነግራቸው የሚስቁ አሉ። ለነዚያ መልሴ አንድ ነው፤ ኳሱ ሲመለስ ሳትጠርጉት አንሱትና መብራት ላይ አዙሩት። ስስ የሚያብረቀርቁ ቀለበቶች ታያላችሁ፣ እየተራራቁ የሚሄዱ። ያ ዘይት ነው። ነጭ ፎጣ ስታደርጉበት ፎጣው ይጠቁራል።

ከመስመሩ እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ ነው፣ 18 ሜትር ከሩብ ገደማ። ወርዱ 39 ሳንቃ ነው። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 40 ጫማ ገደማ ይሸፍንና ከዚያ ወዲያ ደረቅ ነው። በተለመደው የሊግ አቀባብ መሀሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ነው። ኳስ ዘይት ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። ስምንት ሰው ሦስት ጌም ሲጫወትበት ኳሶቹ ዘይቱን ጠርገው ይወስዱታል። ስለዚህ ቅድም ኪሱ ውስጥ (በአንደኛዋና በሦስተኛዋ ፒን መሀል) የገባው ኳስ አሁን ቀድሞ ታጥፎ በግራ በኩል ያልፋል። ቤቱን አትስደቡ፣ እግራችሁን አንሱ። ኳሱ ወደ ግራ ካለፈ እናንተም ወደ ግራ ተጠጉ፣ አንድ ሁለት ሳንቃ። ግራ እጅ ከሆናችሁ ገልብጡት። ደግሞ ፒኖቹን እያያችሁ አትጣሉ፣ ፊታችሁ ሌኑ ላይ ያሉትን ቀስቶች እዩ። ለጌጥ አይደሉም።

«ጉልበት ያለው ያሸንፋል» ለሚለው ደግሞ፣ ቀኝ እጅ ተጫዋች ፍጹም ስትራይክ ሲመታ ኳሱ የሚነካው አራት ፒን ብቻ ነው፤ አንደኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ አምስተኛዋንና ዘጠነኛዋን። የቀሩትን ስድስት ፒን ለፒን ይጣጣላሉ። ስለዚህ ዋናው የሚገባበት ማዕዘን ነው። እንደ ድንጋይ የሚወረወር ኳስ ለመታጠፍ ጊዜ አያገኝም።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው»

ይቺ ታናድደኛለች፣ ምክንያቱም ግማሽዋ በአንድ ወቅት እውነት ነበረች። በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው፣ የዛሬው ኮንግረስ ቀዳሚ የሆነው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ነጭ ያልሆነ አባል አይቀበልም ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች በ1939 ዲትሮይት ላይ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፣ ዛሬም አለ። የመኪና ሠራተኞች ማኅበርም ገፍቶ ተከራከረ፣ ክልከላው በ1950 ተነሣ። ሰው ታግሎ ያስከፈተውን በር እኛ «የነሱ ነው» ብለን ስናልፈው ደስ አይልም። የእህቴ ልጅም አለችኝ፤ «አጎቴ፣ ይኼ የሽማግሌ ፈረንጅ ነገር አይደል?» ስትል ቆይታ አሁን አቬሬጇ ከእኔ ሊደርስ ነው።

ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ዳክፒንን፣ ትንንሽ ፒን ያለውን የቦውሊንግ ዓይነት፣ የልጆች ጨዋታ አትበሉ። ኳሷ ትንሽ ናት፣ ቀዳዳ የላትም፣ በፍሬም ሦስት ኳስ ይጣላል፣ እንደዚያም ሆኖ በሕጋዊ ውድድር ሙሉውን 300 የመታ ሰው እስካሁን የለም። ከፍተኛው 279 ነው፣ ከ1992 ጀምሮ።

«ቦውሊንግ እዚህ አካባቢ ሞቷል»

ይኼ የመጣው ሰሌዳ ሲቀየር አይተው ነው። ከ1958 ጀምሮ የነበረው፣ ዋና ቢሮው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የነበረው የቦውሊንግ ቤቶች ድርጅት ቦውል አሜሪካ በ2021 ለሌላ ተመሳሳይ ድርጅት፣ ለቦውሌሮ ተሸጠ። ቦውሌሮ ራሱ በ2024 መጨረሻ ስሙን ላኪ ስትራይክ ብሎ ቀየረ። ሰው የድሮውን ስም ሲያጣ ተዘጋ ብሎ ያወራል። የተዘጉ ቤቶች የሉም አልልም፣ የቅዳሜ ማታ ዋጋውም አይቀመስም። ሊግ ግን አለ፣ ለሊግ አባል ደግሞ ብዙ ቤቶች የልምምድ ዋጋ ይቀንሳሉ። መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንዳንድ ቤቶች ፒኖቹ አናታቸው ላይ ገመድ የታሰረባቸው ሆነዋል። ማሽኑ ቀላል ነው፣ መካኒክ ብዙ አይፈልግም፣ ለባለቤቱ ይረክሳል። «ያው ነው» ይሏችኋል፤ ያው አይደለም። ገመዱ የፒኑን አወዳደቅ ይለውጠዋል። ኮንግረሱም በ2023 ራሱን የቻለ ምድብ አድርጎታል፣ አቬሬጁ ከተለመደው ጋር አይቀላቀልም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሊጉ በየትኛው እንደሚመዘገብ ጠይቁ።