የአርበኛ ልጅ፦ ልብሱ፣ ስሙና ፉከራው

ሚያዝያ 27 የአርበኞች መታሰቢያ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማዋ የተመለሱት በዚሁ ዕለት ነበር። ዋናው ሥነ ሥርዓት አራት ኪሎ፣ በድሉ ሐውልት ሥር ይከናወናል። ዱር ቤቴ ካሉት ብዙዎቹ ስላለፉ አደባባዩን የሚሞላው ይበልጡን ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ወራሹ ራሱ ላይ ጎፈር፣ ትከሻው ላይ ለምድ ይደርባል፤ በእጁ ጋሻና ጦር ይይዛል። ጎፈር በወጉ የአንበሳ ጋማ ነው፤ አንበሳ ከታጣ የጭላዳ ጋማም ይሆናል። ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ከከረመ ቆዳው እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ፀጉሩም በእፍኝ ይነቀላል። ሳይታጠፍ ተቀምጦ አልፎ አልፎ በጥላ ቢናፈስ ይሻለዋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቆዳውን ያደርቀዋል። ሜዳይና ኒሻን ለበዓል ይብለጭለጭ ተብሎ በአመድ ወይም በሎሚ ሲፈተግ ቅቡ ይለቃል፤ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ነጠላ ላይ ሲሰኩት ክብደቱ ጨርቁን ይቀደዋል፤ ኮት ወይም ካባ ላይ ይሰካ።

ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ የፈረስ ስምም፣ ማለትም ጀግናው በፈረሱ የሚጠራበትን ስም፣ ይጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ በዐድዋ የተዋጉትና በ1929 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ሲዋጉ የወደቁት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ወጣቶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የአባትን ገድል እንደ ራስ አድርጎ መፎከር ሽማግሌ ፊት ያስንቃል። «የእገሌ ልጅ» ማለት ግን ያስከብራል።

የፈረስ ስም ከቤተሰብም አልፎ ይሄዳል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተሰየመው በንጉሠ ነገሥቱ አባት፣ በዐድዋው ዘማች በራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ በአባ ቃኘው ነው።

ውርሱ የወንድ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ መተማ ላይ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ጠላትን ተዋግተዋል።