«ዘ ባትል ፎር ሚድል-ኧርዝ ቱ» ምንድን ነው?

«ዘ ባትል ፎር ሚድል-ኧርዝ ቱ» የጄ. አር. አር. ቶልኪንን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» መነሻ ያደረገ የስትራቴጂ ጌም ነው። የኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) ስቱዲዮ የሆነው ኢኤ ሎስ አንጀለስ ሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር አወጣው፤ በዚያው ዓመት ለኤክስቦክስ 360ም ደረሰ። ተጫዋቾች ባጭሩ ቢኤፍኤምኢ 2 ይሉታል። ዓይነቱ ሪል ታይም ስትራቴጂ ነው፤ ማለትም እንደ ቼዝ ተራ የለውም። እናንተ ስታስቡ ባላጋራው ይገነባል፣ እናንተ ስትገነቡ እሱ ይዘምታል። ከላይ ወደ ታች በሚታይ ካርታ ላይ ምሽግ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፤ ገቢ ታበጃላችሁ፣ ጦር ትመለምላላችሁ፣ የሌላውን ምሽግ ታፈርሳላችሁ።

«ከልብ ወለድ የተወሰደ» ሲባል ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ከመጽሐፉ ሳይሆን ከፊልሞቹ የተቀዳ ነበር። የመጽሐፉና የፊልሞቹ የጌም ፈቃድ ያኔ በተለያዩ እጆች ነበር፦ ኢኤ የፊልሞቹን ይዞ ሲሠራ፣ የመጽሐፉን የያዘው ቪቬንዲ ደግሞ በ2003 «ዋር ኦፍ ዘ ሪንግ» የተባለ ሌላ የስትራቴጂ ጌም አውጥቷል። ኢኤ የመጽሐፉንም ፈቃድ ያገኘው በ2005 ነው። ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የሚለየው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሞቹ የዘለሉት የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ቶም ቦምባዲል እዚህ በጥሪ መጥቶ ጠላት ይበትናል። በፊልሙ ቦታውን አርዌን የወሰደችበት ኤልፉ (ኤልፎች የማይሞቱ ሕዝብ ናቸው) ግሎርፊንደልም እዚህ ጀግና ሆኖ ይዘምታል። መልክና ድምፅ ግን አሁንም የፊልሙ ነው፤ የኤልሮንድን ድምፅ የሰጠው በፊልሙ የተጫወተው ሁጎ ዊቪንግ ራሱ ነው።

ታሪኩ የተወሰደበት ቦታ ብልህ ምርጫ ነው። መጽሐፉ ፍሮዶንና ጓደኞቹን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ በሰሜን የነበረውን ጦርነት መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባሉት አባሪዎች ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ብቻ ይነግረናል፦ የኤልፎቹ ደን ሎሪየን ሦስት ጊዜ ተጠቃች፣ የዴል ከተማ ንጉሥ ብራንድና የድዋርፎቹ (አጫጭር የተራራ ሕዝብ) ንጉሥ ዳይን በተራራው ኤሬቦር ደጃፍ ላይ ወደቁ። ጌሙ ይህን ክፍተት ይሞላል። ፊልም ያየ ሰው የሚያውቀውን የሄልምስ ዲፕን ውጊያ ደግሞ ከመጫወት፣ ቶልኪን በጥቅሻ ያለፈውን ጦርነት መጫወት ይሻላል። እርግጥ መሐል ላይ በመጽሐፉ የሌለ ብዙ ነገር ተፈጥሯል፤ ድሮጎት የሚባለውን ድራጎን አባሪዎቹ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ወገኖቹ ስድስት ናቸው፤ በበጎው በኩል የምዕራብ ሰዎች (ጎንዶርና ሮሃን ባንድ ላይ)፣ ኤልፎችና ድዋርፎች፣ በክፉው በኩል አይዘንጋርድ፣ ሞርዶርና ጎብሊኖች። በ2006 መጨረሻ የወጣው ማስፋፊያ «ዘ ራይዝ ኦፍ ዘ ዊች-ኪንግ» አንግማርን ሰባተኛ አድርጎ ጨመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቢኤፍኤምኢ 2 ከሁሉ በፊት የመሬት ጌም ነው። በመጀመሪያው ክፍል ህንፃ የሚተከለው አስቀድሞ በተሰመረለት ቦታ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ግንበኛው የትም ሄዶ ይተክላል። ነጻነቱ ግን ዋጋ አለው፤ ገቢ የሚሰጠው ህንፃ ሳይሆን ህንፃው የያዘው መሬት ነው።

እያንዳንዱ ወገን የራሱ የገቢ ህንፃ አለው፦ የምዕራብ ሰዎች እርሻ፣ ኤልፎች የማሎርን ዛፍ፣ ድዋርፎች የማዕድን ጉድጓድ፣ አይዘንጋርድ ምድጃ፣ ሞርዶር ማረጃ ቤት፣ ጎብሊኖች ዋሻ። ግንበኛውን ይዛችሁ ቦታ ስታማርጡ በህንፃው ዙሪያ ክብ ይታያል፣ አጠገቡም በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። ክቡ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሜዳ ላይ ካረፈ 100 በመቶ ይላል። ክቡን ገደል ወይም ውሃ ከቆረጠው ቁጥሩ ይወርዳል። የሌላ የገቢ ህንፃ ክብ ላይ ከተደረበም ይወርዳል፤ አዲሱ የሚያገኘው ገና ያልተያዘውን መሬት ብቻ ነውና። 40 በመቶ ላይ የተተከለ እርሻ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት ግማሽ ገቢ እንኳ አያመጣም።

ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ፈርቶ እርሻዎቹን ሁሉ ምሽጉ ሥር ይከምራል፤ ክቦቹ እርስ በርስ ይበላሉ፣ ስምንት እርሻ የአራቱን ገቢ ይሰጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን ሳታዩ አትትከሉ፤ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ግንበኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ይሂድ። መሬት የሚይዘው ክብ የባላጋራንም ያግዳል። በሁለታችሁ መሐል ያለው ሜዳ ላይ ቀድማችሁ አንድ እርሻ ብትተክሉ፣ እሱ ዘግይቶ ሲመጣ የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። የእናንተን እርሻ ካላቃጠለ በቀር መሬቱ አይለቅለትም።

የገቢ ህንፃ ሌላም ሥራ አለው። እያንዳንዱ ጭፍራ ኮማንድ ፖይንት የሚባል ነጥብ ይበላል፤ ጣሪያው ላይ ስትደርሱ ገንዘብ ቢተርፋችሁም መመልመል አትችሉም። ጣሪያውን ከፍ የሚያደርጉት የገቢ ህንፃዎች ናቸው። ስለዚህ ሦስት እርሻ የተቃጠለበት ሰው ገንዘቡም የሠራዊቱም ስፋት ባንዴ ይጎድልበታል። ጥሩ ተጫዋቾች ምሽግን ሳይሆን እርሻን የሚያድኑት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅደም ተከተል ከዚህ ይከተላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ለገቢ ህንፃ ይሄዳል፤ ምሽጉም ወዲያው ተጨማሪ ግንበኛ ያውጣ። ሦስት ወይም አራት የገቢ ህንፃ ሲቆም የጦር ሰፈር ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ ጭፍሮች ምሽጉ ደጃፍ ቆመው መጠበቅ የለባቸውም፤ ሩቅ ያለው እርሻ አጠገብ ይቁሙ። ማማና ግድግዳ ላይ ቀድሞ ገንዘብ ማፍሰስ ፈረሰኛን አያቆምም፤ ፈረሰኛው ግድግዳው ጋ ምን ሊያደርግ ይመጣል? እርሻው ከነደደ በኋላ የሚሠራ ማማ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ውጊያው ራሱ ማን ማንን ይበልጣል በሚል ስሌት ይሄዳል። ጦር የያዘ እግረኛ ፈረሰኛን ይሰብራል። ሰይፍ የያዘ እግረኛ ጦር ያዡን ይበልጣል። ቀስተኛ እግረኛው ሳይደርስበት ያሳሳዋል፣ ፈረሰኛ ግን ቀስተኛውን ጨፍልቆ ያልፋል። ጨፍልቆ ያልፋል ሲባል ቃሉ የምር ነው፤ የፈረሰኛ ጉልበት ሩጫው ነው። በሰው መሐል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከቆመ ተከቦ ያልቃል። ስለዚህ የጥቃት ትእዛዝ ከመስጠት ይልቅ ከጠላት ጀርባ ያለ ባዶ ሜዳ ላይ የመሄድ ትእዛዝ ስጡት፤ ጭፍራውን አቋርጦ ይወጣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ጦር ያዦች ፊት ለፊት ከተሰለፉ ግን አትሞክሩት።

ድዋርፎች ፈረሰኛ የላቸውም፤ በምትኩ የጦር ሠረገላ አላቸው፣ እግራቸውም ከባድ ነው። ይህን የሚያካክሰው የማዕድን ጉድጓዳቸው ነው፦ በአንዱ የገባ ጭፍራ በሌላው ይወጣል። የጎብሊኖች ዋሻም እንዲሁ ነው። ከነዚህ ወገኖች ጋር ስትዋጉ ካርታው ጥግ ላይ የተረሳች አንዲት ጉድጓድ ገቢ ብቻ አይደለችም፤ ወደ ቤታችሁ የተከፈተ በር ናት። ኤልፎች በቀስት አይታሙም፣ ኤንቶቻቸው (የሚራመዱ ዛፍ መሰል ፍጥረታት) ግን እሳት አይችሉም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር ማሻሻያ ነው። የተሻለ ሰይፍ፣ ከባድ ጥሩር ወይም የእሳት ቀስት ለማግኘት መጀመሪያ በአንጥረኛው ቤት ገንዘብ ከፍላችሁ ታስጠናላችሁ። ይህ መብቱን ብቻ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጭፍራ ለየብቻ መርጣችሁ ደግሞ መክፈል አለባችሁ። «ከፍዬ ምንም አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁለተኛውን ክፍያ ከመርሳት ይመጣል። ባንዲራ ያዥ ያለው ጭፍራ ደግሞ ከውጊያ ሲወጣ የሞቱበትን ወታደሮች ቀስ በቀስ ይተካል። ከአሥራ አምስቱ አራት የቀሩትን ጭፍራ እስከ መጨረሻው ከማዋጋት ወደ ኋላ መሳብ ያዋጣል፤ ልምዱም ይተርፋል፣ አዲስ ለመመልመል የሚወጣውም ገንዘብ ይተርፋል።

ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ሌላ ዓይነት ነጥብ ይጠራቀማል፤ በእሱ ከዝርዝር ውስጥ ልዩ ኃይል ትገዛላችሁ። መነሻዎቹ ትንንሽ ናቸው፦ ማከም፣ ጥቂት አጋር መጥራት። ጫፉ ላይ የሙታን ሠራዊት ወይም ባልሮግ የሚባለው የእሳት ጋኔን አለ። ጥሪ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ባልሮግን ሜዳ ላይ ለቅቆ ወደ ምሽጉ እስኪሄድ መጠበቅ ኃይሉን መንገድ ላይ መጨረስ ነው። ከሚመታው ነገር አጠገብ ይጠራ።

ከዚያ ታሪኩ ሁሉ የሚዞርበት ኃይለኛው ቀለበት አለ። አማራጩ ካልተዘጋ በቀር ቀለበቱን የያዘው ፍጡር ጎለም ካርታው ላይ ይንከራተታል። የገደለው ቀለበቱን ያነሣል፤ ተሸካሚው ምሽግ ሳይደርስ ከሞተ ቀለበቱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ማንም ያነሣዋል። ምሽግ ከገባ በ10,000 ሪሶርስ (የጌሙ ገንዘብ) በጎው ወገን የኤልፎቹን እመቤት ጋላድሪየልን፣ ክፉው የቀለበቱን ሠሪ ሳውሮንን ያስነሣል፤ ሁለቱም ሙሉ ሠራዊት ለብቻቸው ይበትናሉ።

መጽሐፉን የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በመጽሐፉ ጋላድሪየል ቀለበቱ በእጇ ሲቀርብላት ፈተናውን አልፋ እምቢ ትላለች፤ መላው ታሪክም የሚቆመው በዚያ እምቢታ ላይ ነው። ጌሙ እምቢ ያለችውን ለገበያ ያቀርባል። እንደ ጌም ካየነው ግን ዋጋው ጥሩ ተመዝኗል፦ 10,000 ለማጠራቀም ለረጅም ጊዜ ጭፍራ ሳይመለምሉ መቆየት ያስፈልጋል፣ በዚያ መሐል ባላጋራው ይገባል። አስቀድሞ መሬቱን የያዘ ሰው ብቻ ነው ቀለበቱን የሚጠቀምበት፤ እየተሸነፈ ያለው በእሱ ተስፋ ሲያደርግ ይበልጥ ይሸነፋል።

ከእነዚህ ውጭ «ዋር ኦፍ ዘ ሪንግ» የሚባል ሌላ ዓይነት ጨዋታም በውስጡ አለ፤ ስሙ ከ2003ቱ ጌም ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት ዓለም፣ መካከለኛው ምድር (ሚድል-ኧርዝ)፣ በግዛት ተከፋፍሎ ይቀርባል፣ ሠራዊት በተራ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለት ጦር ሲገናኝ ወይ ሜዳ ወርዳችሁ ትዋጋላችሁ ወይ ኮምፒውተሩ ውጤቱን እንዲያሰላ ትተዉታላችሁ። የራስን ጀግና መቅረጫም አለ፤ ደስ ይላል፣ ሚዛኑን ግን ያበላሻል።

ዛሬ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ከጌሙ ይልቅ ከኮምፒውተሩ ጋር ይታገላል። የኢኤ ፈቃድ ካበቃ በኋላ ጌሙ በዲጂታል መደብር አይሸጥም፣ የኩባንያው የኦንላይን ሰርቨርም ተዘግቷል፤ ኦንላይን የሚጫወቱት አፍቃሪዎች ባቆሙት ሰርቨር ነው። ሦስት ችግሮች ደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛ፣ በዊንዶውስ 10 ላይ የድሮው የዲስክ መቆለፊያ ስለማይሠራ ኦሪጅናል ዲቪዲ እንኳ ላይነሣ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመክፈቻው ሥዕል ታይቶ ወዲያው ይዘጋል፤ ምክንያቱ ባብዛኛው «ኦፕሽንስ ዶት አይኤንአይ» የተባለው የቅንብር ፋይል አለመፈጠሩ ነው። በተጠቃሚው «አፕዳታ» ውስጥ፣ «ሮሚንግ» ሥር፣ የጌሙ ስም ያለበትን ፎልደር ከፍታችሁ ፋይሉን በኖትፓድ በእጅ መፍጠር ይበቃል፤ የስክሪኑን ስፋትና ቁመት ለምሳሌ 1920 እና 1080 ብላችሁ «ሪዞሉሽን» በሚለው መስመር እዚያው ትጽፋላችሁ። ስታስቀምጡ ኖትፓድ መጨረሻው ላይ «ዶት ቲኤክስቲ» እንዳይጨምርባችሁ ተጠንቀቁ፤ ከጨመረ ጌሙ ፋይሉን አያየውም።

ሦስተኛው ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። ጨዋታው በሰላም ይጀምርና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠላት ሳይኖር ህንፃውም ሠራዊቱም ባንዴ ይፈርሳል፣ «ተሸንፋችኋል» ይላል። ቫይረስ አይደለም፣ ባላጋራም አላታለለም። የጌሙ ፀረ-ኮፒ መከላከያ ነው፤ ቅጂው ሕጋዊ መስሎ ካልታየው እንዲህ ይቀጣል። በሥርዓት ሳይጫን ከሌላ ኮምፒውተር ፎልደሩ ብቻ የተገለበጠ ጌም፣ መለያ ቁልፉ በሲስተሙ መዝገብ ስላልተጻፈ፣ ባለቤቱ በገንዘብ ቢገዛውም እንኳ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል። ፎልደሩን አጥፍቶ ከነቁልፉ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል።